የካምላቤን ዲዋሊና የመርከቡ እንግዶች

ባለፈው ሳምንት ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ሳልፍ፣ የሽምብራ ዱቄት በቅቤ ሲቆላ ሸተተኝ። ጉልበቱን እንደሚያመው ሰው ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩና እስኪበቃኝ ሳብኩት። ለካ ለአዲሱ ወደብ ሥራ ከሕንድ የመጣ አንድ ወጣት ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቷል። ቆሜ ሲያየኝ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ “ማዳም፣ አመመዎት እንዴ? ወንበር ላምጣ?” አለኝ። “ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ ሥራህን ሥራ” አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? እሱ ገና እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ሳለ፣ እዚህችው መንገድ ላይ ሆነን የእሱን አገር በዓል ለዓለም እናስተዋውቅ ነበር ብዬ ብነግረው፣ ሙቀቱ ራሷ ላይ ወጣ ይለኝ ነበር እንጂ አያምነኝም።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ በሌላ በሌላው ግን አልሳሳትም። የፈረንሳይ ወታደር ብቻ የለመደችው ከተማችን ጀርመኑንም አሜሪካኑንም ማየት የጀመረችበት ሰሞን ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰበት የድሮው ባቡር ዛሬ መጥቶ ነገ የሚቀርበት፣ ፉጨቱ ሲሰማ ሰው “እህ፣ አለ እንዴ?” የሚልበት ጊዜ። ባጌት ሃያ ፍራንክ ነበር፣ ትኩሱን ከጋሪ ላይ ነው የምንገዛው። ከካርቲየ 4 ሰፈር ቡላኦስ ድረስ ሚኒባሱ አርባ ፍራንክ ያስከፍላል፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እየጮኸ፣ ሴቱ የድሪያ ቀሚሱን ጫፍ ሰብስቦ እየተጠጋጋ። የዚያን ዘመን ድሪያ ደግሞ ዛሬ የለም፤ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ጠርዙ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ፣ አንዲት ሴት ስታልፍ መንገዱን የሚያጥበው። ገበያው መግቢያ ላይ የካሴት ሻጩ ሱዳንኛውን፣ ሶማልኛውንና የኛን ትዝታ አከታትሎ ይለቀዋል። እኩለ ቀን ላይ የጫቱ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲገባ ግን ዘፈኑም የዋጋ ክርክሩም ያከትማል፤ ከተማዋ ጥላ ፈልጋ ትቀመጣለች። ዛሬ በካሴት ሻጩ ቦታ የስልክ መሸጫ አለ። ልጆቹ ዘፈን በጆሯቸው ሰክተው ብቻቸውን ይሰማሉ።

እኔ የምሠራው በዚያች መንገድ ላይ በነበረች አንዲት የጉዞ ወኪል ቤት ነው። ቢሮ ለማለት አንድ ክፍል፣ አንድ ማራገቢያ፣ የአሳል ሐይቅ ፎቶግራፍና አለቃዬ ሙሴ ሮብሌ፣ ማለትም በፈረንሳይኛው አቶ ሮብሌ። ሮብሌ የከተማው ሶማሌ ነው፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ አክስቱ ዘንድ ስላሳለፈ አማርኛ እንደኛ ይናገራል። ሁልጊዜ ሳፋሪ ልብስ ይለብሳል፤ በዚያ ሙቀት ሲያልበው አይቼው አላውቅም። ያሰበው ነገር ሁሉ “ኢንተርናሲዮናል” ነው። ሥራችን ግን ኢንተርናሲዮናል አልነበረም። ወታደሮችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጨው ሐይቅ ወስዶ መመለስ፣ ወይም ትልልቆቹ ሻርኮች ወደ ባሕረ ሰላጤው በሚገቡበት ወራት በጀልባ ማዞር። እሱም ቀስ በቀስ እየተቀዛቀዘ፣ ቤቱ እንዳይዘጋ እኔም ሮብሌም ሳንነጋገር መፍራት ጀምረን ነበር። እናቴ በኔ ደሞዝ ትኖራለች፤ ሌላ ሥራ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ማን ይሰጠኛል?

ፊት ለፊታችን የካምላቤን የጨርቅ ሱቅ ነበር። እኛ ባንያን የምንላቸው የሕንድ ነጋዴዎች ድሮ በከተማው ብዙ ነበሩ ይባላል፤ በኔ ጊዜ ጥቂት ቤተሰብ ቀርቶ ነበር። ካምላቤን ድሬዳዋ ተወልዳ፣ በባቡር ለጅቡቲ ነጋዴ የተዳረች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ከሱቁ በላይ ያለው ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ አንድ ልጇ ኒሌሽ ዱባይ ነው። ስስ የጥጥ ሳሪዋን በወገቧ ሰክታ፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ፣ ጨርቅ በክንዷ እየለካች በአራት ቋንቋ ትጣላለች። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን “እንደምን አሉ እሜቴ” ብላት፣ “ምን አንቱ ትይኛለሽ? አንቺ በይኝ! እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ እኛ ጋ ንጉሥም አንተ ነው” አለችኝ። የገዛ አክስቷን አንቱ ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበች።

በየዓመቱ ሙቀቱ ሲሰበር፣ ጨረቃ በማትወጣበት ቀን ምሽት፣ ካምላቤን የሕንዶቹን የብርሃን በዓል፣ ዲዋሊን ታከብራለች። ቤቱ ተጠርጎ ይታጠባል፤ ደጃፉ ላይ በቀለም ዱቄት አበባ ይሳላል፤ በደረጃው፣ በመስኮቱ፣ በሰገነቱ ዙሪያ ቅቤና የጥጥ ፈትል ያለባቸው ትናንሽ የሸክላ መብራቶች ይደረደራሉ። የሀብት አምላካቸው ላክሽሚ ንጹሕና ብርሃን ያለበትን ቤት መርጣ ትገባለች ይላሉ። በሽምብራ ዱቄት የተሠራው ጣፋጭ በሳህን ተደርጎ ለጎረቤት ይዞራል። የመጀመሪያው ሳህን ሁሌም የሐሊማ ነው። ሐሊማ በቀኝ በኩል የምትኖር ሶማሌ ናት፤ ሽቶና ሒና ትሸጣለች፤ ምላሷ ረጅም፣ ልቧ ሰፊ። በረመዳን ሳምቡሳዋ በዚያው ሳህን ይመለሳል።

አንድ ዓመት ታዲያ ሮብሌ ቢሮውን ሊዘጋ ሲል ቁልፉን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። “ጽጌ፣ ነይ እዪ” አለኝ። ወጣሁ። የካምላቤን ሰገነት በሙሉ በርቷል። “ይሄ ነው!” አለ። “ምኑ?” “መርከቡ! የቱሪስት መርከቦች በቀይ ባሕር ያልፋሉ፣ እኛ ጋ ግን አይቆሙም፤ ለምን ይቁሙ? ጨው ሊያዩ? ዋላሂ፣ በሻርኮቹ ወቅት የብርሃን በዓል! ቀን ባሕር፣ ማታ ዲዋሊ። ኢንተርናሲዮናል!”

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ለካምላቤን የመንገር ዕጣ ግን የወደቀው እኔ ላይ ነው። ሰምታኝ ሰምታኝ ጨርቁን አጠፈችና “ዘንድሮ ከኛ ሰው ማን መጣ? ሁለት ቤተሰብ። ሌላው ለንደን ገባ፣ ዱባይ ገባ። ኒሌሽም ዝጊውና ነይ ይለኛል። ሰው ከሌለበት በዓል የቀብር መብራት ይሻላል” አለች። “እንግዲያው እሺ ነው?” አልኳት። “እንግዳ ይምጣ፤ ላክሽሚም እንግዳ ናት። ሲኒማ ግን አይደለችም። ይህን ለሮብሌ ንገሪው።”

ነገርኩት። በአንዱ ጆሮው ሰማኝ። ከዚያ በኋላ ሰውየውን የሚይዘው ጠፋ። ትልቁ ሆቴል ሜዳውን እንዲሰጠው ተስማማ፤ ማርሴይ ካለ የመርከብ ድርጅት ጋር ተጻጻፈ፤ በሚመጣው ዓመት በበዓሉ ቀን ማዳም ኦዲል የምትባል ሴት መጥታ አይታ እንድትወስን ተባለ። ዱባይ ፖስተር አሳትሞ መጣ። ላክሽሚ በሮዝ የሎተስ አበባ ላይ ቆማ፣ ከእጇ ወርቅ እየፈሰሰ፣ ከሥሯ “የብርሃን በዓል በጅቡቲ”። ከወደቡ በር እስከ ገበያው ያልተለጠፈበት ግድግዳ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያናችንም “የባቡሩ ሰውዬ ልጅ ጣዖት ታስተዋውቃለች” ተባለ። እናቴ ብቻ “ጎረቤት በዓሉን ሲያከብር እንኳን አደረሰህ ማለት ጣዖት ከሆነ እኔም ኃጢአተኛ ነኝ” ብላ ዝም አሰኘቻቸው።

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ካምላቤን ወደ ቢሯችን ገባች። በዚያ ሁሉ ዓመት መንገዱን ተሻግራ ቢሯችን ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። በእጇ የተጨማደደ ወረቀት ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ከፖስተሮቹ አንዱ ነው፤ ጫት ተጠቅልሎበት፣ ቅጠሉ የላክሽሚ ፊት ላይ ተጣብቋል፤ ጫፉ ላይ የጫማ ዱካ አለ።

“አንተ ሮብሌ፣ ይቺ ማን ናት?” አለችው።

“ወረቀት ነው እኮ፣ ካምላቤን። ነፋስ ገንጥሎት ነው። ሌላ እናትማለን።”

“ሌላ? ሌላ ሰው እንዲረግጣት?” ድምጿ አልጮኸም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “እናቴ ይህን ሥዕል የምታነሳው እጇን ታጥባ ነው። እኔ ቤቴ ግቡ አልኩ እንጂ አምላኬን መንገድ ላይ አንጥፉ አላልኩም። በዓልህን አክብር። እኔ የለሁበትም።” ወረቀቱን በሳሪዋ ጫፍ ጠርጋ፣ በሥርዓት አጥፋ ይዛው ወጣች።

ሮብሌ “ታኮርፍና ይለቃታል” አለ። እኔ ቦርሳዬን አነሳሁ። “የት ልትሄጂ?” “ፖስተር ልለቅም።” “አብደሻል? ማዳም ኦዲል ልትመጣ!” “ትምጣ። ካምላቤን የሌለችበትን ዲዋሊ ማን ሊያሳያት ነው?” ብዬ ወጣሁ። ማታ ሥራ ላይኖረኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ግን እግሬ አልተጠራጠረም።

በር ላይ ሐሊማ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። “ወዴት ነሽ?” አለችኝ። ነገርኳት። ሻሿን አጠበቀችና “ጠብቂኝ” አለች። “የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መሬት ሲወድቅ እኛስ አናነሳም? የሷም ለሷ እንደዚያው ነው።” አብረን ሄድን። ከገበያው እስከ ወደቡ በር፣ ከሚኒባሱ መቆሚያ እስከ ዓሣ ተራ። ሐሊማ ከፊት እየሄደች በሶማልኛ ስትጮህ ወዛደሩም ሾፌሩም ራሱ እየገነጠለ ይሰጠን ጀመር። አንድ ጫት ሻጭ መጠቅለያዬን አልሰጥም ብሎ ሲከራከር፣ ሐሊማ የሰጠችውን ስድብ ዛሬ ብጽፈው ማንም አያትምልኝም። ብቻ ሰጠን። የሰበሰብነውን ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለን ለካምላቤን አስረከብን። ተቀበለችንና በሯን ቀስ ብላ ዘጋች።

የበዓሉ ምሽት ደረሰ። የሆቴሉ ሜዳ ባለቀለም አምፖል ተንጠልጥሎበታል፤ ነጭ ወንበር ተደርድሯል፤ የሕንድ ፊልም ሙዚቃ ያንባርቃል። ሮብሌ ያገኛቸው ዳንሰኞች ከምሽት ክበብ የመጡ የኛው አገር ልጆች ናቸው፤ ከቪዲዮ አጥንተው እስክስታው እያመለጣቸው ይጨፍራሉ። ማዳም ኦዲል ቀጭን፣ ፀጉሯ አጭር፣ ከተልባ እግር የተሠራ ልብስ የለበሰች ሴት ነበረች። በትህትና አጨበጨበች። ከዚያ ወደ ሮብሌ ዞር ብላ፣ “በጣም ያምራል፣ ሙሴ። ግን ዱባይም አይቼዋለሁ፣ ሲንጋፖርም አይቼዋለሁ፤ ከዚህ ይበልጣል። መንገደኞቼ ለምን ጅቡቲ ላይ ይውረዱ?” አለችው። ሮብሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልበው አየሁት።

እኔ ተነሳሁ። “ማዳም፣ ይህ መግቢያው ነው። በዓሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ይምጡ፣ ቅርብ ነው” አልኳት። ቅርብ አልነበረም። ታክሲ አስቁሜ ቡላኦስ አልኩት። በመንገድ ላይ ስለ ድሬዳዋ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ባንያኖቹ ስነግራት ልቤ ግን አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ካምላቤን በሯን ትከፍትልኝ ይሆን?

መንገዱ ጫፍ ላይ ወረድን። ሰገነቱ በርቷል። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

“ማነው?” አለች ከውስጥ።

“እኔ ነኝ፣ ጽጌ። እንግዳ ይዣለሁ።”

“ሮብሌ ነው የላከሽ?”

“የላከኝ የለም። እንግዳ ናት። እንግዳ ይምጣ ብለሽ ነበር።”

የበሩ መቀርቀሪያ ብረት ሲነሳ ተሰማ። ካምላቤን በሰርጓ ዕለት የለበሰችውን ይመስለኛል፣ ቀይ ሳሪ ለብሳ ቆማለች። ማዳም ኦዲልን ከላይ እስከ ታች አየቻትና “ጫማዋን ታውልቅ በያት፤ ከዚያ ትግባ” አለች።

ገባን። ምንጣፉ ላይ ሐሊማ ከነልጆቿ ተቀምጣለች። ከፎቁ ጀርባ የሚኖረው የመናዊ ዓሣ ሻጭ ከነሚስቱ አለ። በየፈረንጁ ቤት የሚሠሩ ሁለት የወሎ ልጆች የዕረፍት ሰዓታቸውን አስፈቅደው መጥተዋል፤ ካምላቤን ጨርቅ የምትሸጥላቸው በዱቤ ነበርና ይወዷታል። አንደኛው ግድግዳ ሥር ያቺ በጥንቃቄ የታጠፈችው ሥዕል፣ ተጠርጋ ተቃንታ፣ በአበባ ተከባ ቆማለች። ሌላውን የሰበሰብነውን እንደ ሥርዓታቸው ባሕር ላይ በክብር አሰናብታዋለች። ካምላቤን የማዳምን ግንባር በቀይ ዱቄት ነካች፣ ጣፋጩን በእጇ አጎረሰቻት፣ መብራት ሰጥታም ባዶ የቀረ ደረጃ ላይ አስቀምጪው አለቻት። ሴትዮዋ መብራቱን በሁለት እጇ ይዛ ስትሄድ እንደ ሕፃን ምላሷን ነክሳ ነበር።

ተመልሳ ተቀመጠችና “እዚህ ከተማ፣ ከአገራችሁ ርቃችሁ፣ ለምን ታከብሩታላችሁ?” ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ። ካምላቤን ግራ ገባት። “የት ላክብረው? ቤቴ እኮ እዚህ ነው” አለች። ይህንንም ተረጎምኩ። ማዳም ኦዲል ክፍሉን ዞር ብላ ቃኘች፤ ሐሊማ የልጇን አፍ ስትጠርግ፣ የመናዊው ሲስቅ፣ የወሎ ልጆቹ ሲጎራረሱ። “ስንት ሰው መቀበል ትችላለች?” አለችኝ። ካምላቤን “ምንጣፉ የሚይዘውን ያህል። ከዚያ በላይ ከመጣ ሐሊማ ጋ ይቀመጡ” አለች። ሐሊማም “እኔ ጋ ከሆነ ሒናም አለ፣ ነፃ ግን አይደለም!” ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

በዚህ መሐል ደረጃው ላይ ሰው ተሰማ። ሮብሌ ነው። ሳፋሪው በላብ ረጥቦ፣ በሩ ጋ ቆሞ፣ እግሩን ለማስገባትም ለመመለስም አልደፈረም። ካምላቤን አየችው። “ካምላቤን፣ ያ ወረቀት...” ብሎ ጀመረ። “እናቴ ብትሰማ ትገርፈኝ ነበር። አፉ በይኝ።” እሷም “አፉ ብያለሁ። ግባ። ጣፋጩ እያለቀ ነው” አለችው።

መርከቡ መጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ ነጭ፣ ከወደቡ ክሬኖች የሚበልጥ መርከብ። መንገደኞቹ ቀን ሻርኮቹን አይተው፣ ምሽት በትንሽ በትንሽ ቡድን እየተከፋፈሉ ወደ መንገዳችን መጡ። ሆቴል የለ፣ መድረክ የለ፣ ፖስተር የለ። በየቤቱ ተቀመጡ፤ የየመናዊውም፣ የሐሊማም፣ የኔም እናት ቤት ድረስ ሰው ተልኮ፣ እናቴ ፈረንጅ አልጋ ላይ አስቀምጣ በአማርኛ ስታጫውት አመሸች። ሮብሌ በር በሩን እየዞረ ይቆጣጠራል፤ ማንም ከነጫማው ቢገባ እሱን አያድርገኝ። በዓሉ በፈረንጅ መጽሔት ወጣ፤ ሌላ መርከብም ጨመረ። ቢሯችን ሁለተኛ ማራገቢያ ገዛ። እኔ ያን ጊዜ የኮራሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ኮርቼ አላውቅም፤ ኩራት ደግሞ የሚገባ ሲሆን ደስ ይላል።

ከዚያ የባሕር ወንበዴው ዘመን መጣና መርከቦቹ መንገድ ቀየሩ። ሮብሌ አዘነ፤ ካምላቤን ግን በዓሏን አንድም ዓመት አላስታጎለችም፤ መንገዱ ለምዷል፤ ሰው ራሱ ይመጣል። ከዱባይ የመጣው ኒሌሽ እናቱን ሊወስድ ቢያስብም ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ሲያይ ሐሳቡን ቀየረ። “እንግዲያው አንድ ጊዜ እንኳ ሕንድን እዪ” አላት። ለካ ካምላቤን በዕድሜዋ ሕንድን አይታ አታውቅም። ትኬት ቆረጠላት፤ ለዲዋሊ ወስዷት ሄደ። አልቅሰን ሸኘናት፤ አትመለስም ያለው ብዙ ነበር።

ተመለሰች። ሱቋን ስትከፍት ሮጬ ሄድኩ። “እንዴት ነበር?” አልኳት። “ትልቅ ነው። ርችቱ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ! ሮብሌ ቢያየው ልቡ ይቆም ነበር” አለች። “የአያቴ ከተማ ስንሄድ አንዲት ሴት ቤቷ አስገባችኝ፤ መልካም ሴት። ከየት ነሽ አለችኝ። ከጅቡቲ አልኳት። እዚያም ዲዋሊ አለ እንዴ ብላ ሳቀች። አለ እንጂ፣ መርከብ ሙሉ ሰው የሚመጣለት ዲዋሊ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ነይ አልኳት።” “መርከቡ እኮ ቀርቷል” አልኳት። “እሱን አልነገርኳትም” አለችኝ፤ መነጽሯን አድርጋ ጨርቅ መለካት ቀጠለች።

በዓመቱ ሴትዮዋ መጣች፤ ከነባሏ፣ ከነሻንጣዋ። አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን የተቀበልናት እኔና ሮብሌ ነን። ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቷል፤ እንግዳዋ ምንጣፉ ላይ ሐሊማ አጠገብ ተቀመጠች። ሐሊማ እንግዳዋ ማን እንደሆነች አላወቀችም፤ የአንዱ አሜሪካዊ ሚስት መስላታለች መሰለኝ። እጇን ያዝ አደረገችና በሶማልኛ፣ “አይዞሽ፣ እንግዳ ነገር አይምሰልሽ፤ ቀላል ነው፤ ዲዋሊ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አስረዳሻለሁ” ብላ ጀመረች፤ ወደኔም ዞራ “ጽጌ፣ ተርጉሚላት እንጂ!” አለችኝ። ካምላቤን ሳሪዋን አፏ ላይ ደፍና ትስቃለች። እኔም ከወታደሮቹ በለመድኳት እንግሊዝኛ፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ተረጎምኩላት።